ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚደርስበት መከራ ሁሉ የሞት ኀዘን ከባድ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ከሞት ኀዘንም የሚከፋ አንድ ኀዘን አለ፤ እርሱም ዘመድ ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ፣ በሕይወት መኖሩም ሆነ መሞቱ ሳይታወቅ ሲቀር የሚደርሰው ነው። ለሞተ ሰው ይለቀሳል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይባላል፤ ቀኑ ሲደርስ ተዝካሩ ይወጣል፤ ከዚያም በኋላ ልብ ጥቂት በጥቂት እያረፈ ይሄዳል። ለጠፋ ሰው ግን ይህ ሁሉ የለም። እናቱ ብታለቅስ አሟረተችበት ትባላለች፤ ዝም ብትል ረሳችው ትባላለች። በሩ በተንኳኳ ቍጥር ልቧ ይደነግጣል፤ ማታ እራት ሲቀርብ የርሱን ድርሻ ለብቻ ታስቀምጣለች። ስለዚህ የጠፋን ሰው ፈልጎ ማግኘት፣ ቢቻል በሕይወቱ፣ ባይቻል ዐፅሙን እንኳ ለወገኖቹ መመለስ፣ ከምሕረት ሥራዎች ሁሉ ከፍ ያለ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህን የምሕረት ሥራ የሚሠራው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙው ሰው ፖሊስ ነው፣ ሬዲዮ ነው፣ ስልክ ነው ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። አባቶቻችን «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ። ሠርዶ ሥሩን በምድር ውስጥ የሰደደ ክፉ አረም ስለ ሆነ፣ እርሱን ነቅሎ ለማውጣት ያንን መሬት የለመደ በሬ ያስፈልጋል ማለታቸው ነው። የጠፋ ሰውም ነገር እንደዚሁ ነው። የጠፋበትን አገር ጓዳና ጎድጓዳ በእግሩ የለመደ ሰው ካልተጠየቀበት፣ ፍለጋው ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ያሳሰበኝ ከከተማችን ውስጥ የተፈጸመ አንድ ነገር ነው። ከቦሌ መንገድ ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ ቻይና የወዳጅነት ጎዳና ከሚጀምርበት ከወሎ ሰፈር ላይ ቆሞ የመብራት ምሰሶዎችን የሚመለከት ሰው፣ ከሚከራይ ቤትና ከአስጠኚ ማስታወቂያ መካከል አልፎ አልፎ «አፋልጉን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያገኛል። በወረቀቱ ላይ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ አለበት፤ ከቤት ሲወጣ የለበሰው ልብስ ቀለም ተጽፎበታል፤ ከታች የስልክ ቍጥር አለ፤ ላገኘውም ወሮታ እንደሚከፈል ይነገራል። መንገደኛው ጥቂት ቆሞ ያነብና ከንፈሩን መጦ ያልፋል። ዝናም ሲመጣ ወረቀቱ ይርሳል፤ ፊቱ ይደበዝዛል፤ በላዩም ሌላ ወረቀት ይለጠፍበታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚህ ካለው ወረቀት በአንዱ ላይ ፎቶግራፋቸው የተለጠፈው ሰው፣ ዐይናቸውን ለመታከም ከወሎ ገጠር ወደ ልጃቸው ቤት የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ታሪኩን የነገሩኝ ባለጉዳዮቹ ናቸው። ሽማግሌው እንደ አገራቸው ልማድ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ጥቂት ልንሸራሸር ብለው ከግቢ ወጡ። ሲመለሱ ግን በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ አጥሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነባቸው። ልጃቸው ወደ ሥራ ሊሄድ ሲነሣ አባቱን ፈለገ፤ አጣ። ከዚያ በኋላ ወንድምና እኅት፣ ጎረቤትና የዕድር ሰው ተጠራርቶ ፍለጋ ተጀመረ። ለፖሊስ ተነገረ፤ ሆስፒታሎች ተጠየቁ፤ ወረቀቱ ታትሞ ከወሎ ሰፈር እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ በየምሰሶው ተለጠፈ። አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ከዚያው ሰፈር የሚኖሩ፣ በወጣትነታቸው ከወሎ የመጡ አንድ አዛውንት ወደ ለቅሶ ሊለወጥ ወደ ቀረበው ቤት ገብተው ተቀመጡና፣ የት የት እንደ ተፈለገ አንድ በአንድ አስቈጠሩ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ እናንተ የፈለጋችሁት እናንተ ብትጠፉ በምትሄዱበት መንገድ ነው። የኛ አገር ሰው መንገድ ሲጠፋበት ወደ መኪና ጩኸት አይሄድም፤ ቁልቁል ወርዶ ውሃ ይፈልጋል። ውሃውን ከተከተለ መልካ ያገኛል፤ መልካ ካለ መንገድ አለ፤ መንገድ ካለ ሰው አለ። አስፋልቱን ተዉና ወንዙን ተከተሉ።»

ልጆቹም ወደ ወንዙ በሚያወርደው ቅያስ ሲሄዱ፣ ከጥጉ ላይ ቆሎ የምትሸጥ አንዲት ሴት አገኙና ጠየቋት። እርስዋም፣ «አባባን ከትናንት በስቲያ በጧት አይቻቸዋለሁ፤ ውሃው በየት ነው ብለው ጠይቀውኝ በዚህ ወረዱ» አለቻቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ከርስዋ በላይ ባለው ምሰሶ ላይ ወረቀቱ ተለጥፎ ሳለ፣ እርስዋ ማንበብ ስለማትችል፣ የሚጠይቃትም ስላልነበረ፣ የምታውቀውን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ሽማግሌው የተገኙት ከወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ ከሚያለሙ አትክልተኞች ጎጆ ውስጥ ነው። አትክልተኞቹ እንግዳ ነው ብለው አብልተው አጠጥተው አሳድረዋቸዋል፤ እርሳቸውም ውለታውን ለመመለስ ብለው ቦይ ሲጠርጉ ተገኙ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር በደስታ ስለ ተፈጸመ እንደ ጨዋታ ሊወራ ይችል ይሆናል። ነገር ግን በውስጡ ትልቅ ትምህርት አለበት። ፍለጋውን ፍጻሜ ላይ ያደረሱት ሁለት ዕውቀቶች ናቸው። አንደኛው የጠፋው ሰው ያደገበትን አገር ጠባይ የሚያውቁት የአዛውንቱ ዕውቀት ነው፤ ሁለተኛው ከዚያ ቅያስ ላይ ጧትና ማታ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን የምታይ የቆሎ ሻጭዋ ዕውቀት ነው። ሁለቱም በመጽሐፍ አልተጻፉም፤ ሁለቱም እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ አልተጠየቁም።

አገር ማወቅ ማለት ምንድን ነው? የከተማ ሰው አገር አወቅሁ የሚለው የጎዳናውን ስም ሲያውቅ ነው። የገጠር ሰው አገር ማወቁ ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። የትኛው ፈፋ በክረምት እንደሚሞላና በበጋ እንደሚሻገሩት፣ የትኛው ገደል ከላይ ሲያዩት መውረጃ የሌለው መስሎ ከታች የፍየል መንገድ እንዳለው፣ የትኛው ዋሻ ዝናም እንደሚያስጠልል፣ የትኛው ምንጭ በሚያዝያ እንደማይደርቅ ያውቃል። እረኛ ልጅ የየከብቱን ኮቴ ለይቶ ያውቃል። በጧት ከሣሩ ላይ ጤዛው ተራግፎ ያየ እንደሆነ፣ ከንጋት ወዲህ በዚያ የሄደ መኖሩን ያስተውላል፤ ጤዛው እንዳለ ሆኖ ሣሩ ተኝቶ ቢያገኘው ደግሞ መንገደኛው ማታውኑ እንዳለፈ ይረዳል። አሞራ ሲያንዣብብ፣ ዝንጀሮ ሲጮህ፣ የሜዳ ወፍ በድንገት ሲነሣ ምክንያቱን ይጠይቃል። ሌላው ሰው ባዶ ተራራ ነው ብሎ የሚያልፈው ቦታ ለርሱ እንደ ተጻፈ ብራና ነው።

ከዚህም በላይ ወሬን በሥርዓት የማቀባበል ጥበብ ያላቸው ሕዝቦች በአገራችን አሉ። የአፋር ሕዝብ «ዳጉ» የሚባለው ልማድ ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምሳሌ ነው። በዚያ ሞቃት በረሓ ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው አንዱ ያየውንና የሰማውን ለሌላው ይነግራል። ከየት እንደመጣ፣ በየት በኩል ዝናም እንደ ዘነመ፣ የትኛው የውሃ ጉድጓድ እንደ ደረቀ፣ የማን ግመል እንደ ጠፋ፣ እንዴት ያለ እንግዳ ሰው እንደ ተገኘ፣ ሰላም ወይም ጠብ መኖሩን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያወራል። ሰሚውም በተራው ይህንኑ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። በዳጉ ሐሰት የተናገረ ሰው ክብሩን ያጣል፤ ምክንያቱም በዚያ አገር የተሳሳተ ወሬ ሰውንና ከብትን በውሃ ጥም ይገድላልና። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር አንድ ሰው ቢጠፋ፣ ፈላጊው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ሥራ ወደ ዳጉ መግባት መሆኑን ማን ይስታል?

የቦታ ዕውቀት የሚጠቅመው በሕይወት ያለውን ሰው ለማግኘት ብቻ አይደለም። በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚባለው አገር «አመጸኛ ዋሻ» የሚሉት አንድ ትልቅ ዋሻ አለ። በጠላት ወረራ ዘመን ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ወገን የሆኑ ሰዎች፣ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው፣ ከነቍስለኞቻቸውና ከነስንቃቸው በዚህ ዋሻ ውስጥ ተጠግተው ነበር። የኢጣልያ ጦር ዋሻውን ከቦ፣ ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ቀን 1931 ዓ.ም. የመርዝ ጋዝ ጣለበት። ዘመኑን ቈጥሮ ለተመለከተው፣ በዚያ ዓመት የትንሣኤ በዓል የዋለው በዚያው በሚያዝያ 1 ቀን ነው። እጃቸውን ሰጥተው ከወጡት መካከል ስምንት መቶ የሚያህሉ ወንዶች በገደሉ አፋፍ ላይ ተረሸኑ፤ በዋሻው ውስጥ የቀሩትም በዚያው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ስንት ቤት «ወጥቶ ቀረ» እየተባለ እንደ ኖረ ማን ያውቃል! ነገሩ በወራሪው የጦር መዝገብ ቤት ውስጥ በጽሕፈት ተቀምጦ ነበር፤ ነገር ግን መዝገቡን የያዘው ሰው ዋሻውን አያውቅም፤ ዋሻውን የሚያውቀው ባላገርም መዝገቡን አያውቅም። ሁለቱ የተገናኙት በ1998 ዓ.ም. ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ ሊቅ መዝገቡን መርምሮ ወደ ሸዋ በመጣና የአካባቢውን ሰዎች እየጠየቀ ከቦታው በደረሰ ጊዜ ነው። ከርሱም በኋላ የሥነ ቅርስ ተመራማሪዎች ገብተው የእህል ጎታዎችን፣ የሸክላ ስባሪዎችንና የሰው አጥንት አገኙ። ለ67 ዓመታት ለዓለም የጠፋው ነገር ለአገሩ ሰው አንድ ቀን አልጠፋም፤ የዋሻው ስም ራሱ ምስክር ሆኖ ቆሞ ነበር። እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፣ የቦታ ስም ከንቱ ጥሪ አለመሆኑን ነው። አባቶች አንድን ገደል ወይም አንድን ዋሻ በስም ሲጠሩት በዚያ የሆነውን ነገር አስቀምጠው ማለፋቸው ነው።

ሰማይን የሚያርስ አውሮፕላንም ቢሆን በተራራ ፊት ሲደክም ታይቷል። ሚኪ ሊላንድ የተባሉት የአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴ፣ በአገራቸው ምክር ቤት የረኀብን ጉዳይ የሚመረምረው ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩ፣ ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኝዶ የስደተኞች ሰፈር በመብረር ላይ ሳሉ ጠፉ። የተሳፈሩባት አነስተኛ አውሮፕላን የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ንብረት ነበረች፤ ከርሳቸው ጋራ የነበሩት አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን በጠቅላላው 16 ነፍስ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት የቀዘቀዘ ቢሆንም፣ ለነፍስ ፍለጋ ሲባል የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እንዲፈልጉ ተፈቀደ። ወሩ ነሐሴ ስለ ሆነ ደመናው ተራራውን ሸፍኖት፣ ደኑም ምድሩን ሸፍኖት ነበር። በብዙ አውሮፕላንና በብዙ ገንዘብ የተደረገው ፍለጋ ስድስት ቀን ፈጅቶ፣ ነሐሴ 7 ቀን ስብርባሪው ከአንድ ተራራ ጎን ላይ ተገኘ፤ ከሞት የተረፈም አልነበረም። ይህን የምናነሣው የአውሮፕላኑን ጥቅም ለማሳነስ አይደለም። ከሰማይ የሚያይ ዐይን በደመና እንደሚታወርና፣ በዚያን ጊዜ ከደመናው በታች ያለው ጆሮና እግር እንደሚያስፈልግ ለማስታወስ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጧቱ በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከቦሌ ተነሥቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜም፣ ከሁሉ አስቀድመው ከቦታው የደረሱት የዚያው አገር ገበሬዎች ናቸው። ድምፁን የሰሙ፣ ጢሱን ያዩ፣ በየት በኩል እንደ መጣና እንዴት እንደ ወረደ ሊናገሩ የሚችሉ እነርሱ ነበሩ። ከሠላሳ አገር በላይ የሆኑት የሟቾች ዘመዶች ወደዚያ እርሻ በመጡ ጊዜም ቋንቋቸውን ሳያውቁ አብረዋቸው ያለቀሱ እነርሱ ናቸው።

ይህ ነገር የኛ አገር ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1845 ጆን ፍራንክሊን የተባለው የእንግሊዝ መርከበኛ «ኤረበስ» እና «ቴረር» በሚባሉ ሁለት መርከቦች፣ ከመጨረሻ ከርሱ ጋራ የቀሩትን 128 ሰዎች ይዞ በሰሜን በኩል ባለው የበረዶ ባሕር መተላለፊያ ሊፈልግ ገብቶ ጠፋ። ለፍለጋ ብዙ መርከብ ተላከ። በ1854 ጆን ሬ የተባለው ሐኪምና መንገደኛ ኢኑይት ከሚባሉት ከበረዶው አገር ሰዎች ጠይቆ፣ ነጮቹ በረኀብ እንዳለቁ፣ በመጨረሻም የሰው ሥጋ እስከ መብላት እንደ ደረሱ የሰማውን ይዞ ተመለሰ። ሎንዶን ግን ይህን አልተቀበለችም። ቻርልስ ዲክንስን የመሰለ ስመ ጥር ደራሲ እንኳ ምስክሮቹ አረመኔዎች ናቸውና አይታመኑም እያለ ጻፈ። ኢኑይቶች ግን የአባቶቻቸውን ነገር ለልጆቻቸው እየነገሩ ኖሩ። ከዘመን ብዛት በኋላ ዐፅሞቹ ሲመረመሩ በቢላዋ የተቈረጡበት ምልክት ተገኘ፤ «ኤረበስ» በ2014፣ «ቴረር» በ2016 ከባሕር ሥር ተገኙ። ሁለተኛይቱን ለማግኘት መንገድ የከፈተው፣ ከፈላጊዎቹ ጋራ ይሠራ የነበረ አንድ ኢኑይት ከዓመታት በፊት ከበረዶው ላይ የመርከብ ምሰሶ የሚመስል እንጨት ቆሞ ማየቱን መናገሩ ነው። የአገሩ ሰው የተናገረው እውነት ተቀባይ እስኪያገኝ ድረስ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ በደጅ ቆመ ማለት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በኮሎምቢያ የአማዞን ደን ውስጥ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወድቃ፣ ወላጅ እናታቸው የሞተችባቸው አራት ሕፃናት በደኑ ጠፍተው ነበር። ከ40 ቀን በኋላ በሕይወት የተገኙት ወታደሮችና የደኑ ተወላጆች በአንድነት ሲፈልጓቸው ነው። ልጆቹም ራሳቸው የደን ልጆች ስለ ነበሩ፣ የሚበላውን ፍሬ ከማይበላው ለይተው ማወቃቸው እስከዚያች ቀን አደረሳቸው። በዚህ ሥራ ላይ ወታደሩ ባላገሩን አልናቀም፤ ባላገሩም ወታደሩን አልሸሸም፤ ፍሬውም በዓለም ሁሉ ፊት ታየ።

ይሁን እንጂ ስለ አገር ዕውቀት ስንናገር የቀድሞውን ልማድ ሁሉ አመስግነን ማለፍ አይገባንም። በጥንት ጊዜ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይደረግ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እንዲናገር መጠየቁ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በደለኛው እስኪወጣ ድረስ ንጹሑም ሥራውን ትቶ መታገዱ፣ የቀረም መቀጣቱ፣ ካልተገኘም አገሩ በሙሉ ዕዳ መክፈሉ ብዙ ድኻ አስለቅሷል። ከዚህም የባሰ ሌባ ሻይ ነበረ፤ ለአንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት አጠጥተው በየመንደሩ እያዞሩ፣ ልጁ ተንገዳግዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። መንግሥት ይህን መከልከሉ የተገባ ሥራ ነበረ። ዛሬም ዘመድ የጠፋበት ሰው በጭንቀቱ ወደ ጠንቋይ ቤት ሄዶ ገንዘቡንና ከገንዘቡም የሚበልጠውን ጊዜውን ሲያጠፋ እናያለን። አገር ማወቅና ጥንቈላ እንደ ብርሃንና ጨለማ የተለያዩ ናቸው። አገር የሚያውቅ ሰው እንዴት አወቅህ ቢባል በጣቱ ያሳያል፤ ዱካው ይኸው፣ የተሰበረው ቅርንጫፍ ይኸው ይላል። ጠንቋይ ግን እንዴት አወቅህ ሲሉት ይቈጣል።

ደግሞም ባላገር አይሳሳትም፣ አይዋሽም ማለታችን አይደለም። ፈርቶ የሚደብቅ፣ ወሮታ ፈልጎ ያላየውን አየሁ የሚል፣ የጥንት ቂም ይዞ በጎረቤቱ ላይ የሚያሳብብ አይታጣም። ስለዚህ የሰሙትን በየፊናው መጠየቅ፣ የአንዱን ቃል ከሌላው ማስተያየት፣ የተነገረውንም ከቦታው ሄዶ ማየት የመርማሪው ፋንታ ነው። መሣሪያውም አስፈላጊ ነው፤ የስልክ ጥሪ የመጣበትን አቅጣጫ ማወቅ፣ ከሰማይ የተነሣ ካርታ ማየት፣ ወሬውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ለአገር ሁሉ ማዳረስ ለአባቶቻችን ያልተሰጠ ጸጋ ነው። እኛ የምንለው መሣሪያው በባላገሩ ፈንታ እንዳይቆም፣ ከባላገሩ አጠገብ ይቁም ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ፣ ፍለጋ ሳይዘገይ ይጀመር። ዱካ እንደ ጤዛ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል፤ ዝናም ያጥበዋል፤ ርዳታ ልስጥ ብሎ የተሰበሰበው ሕዝብ ራሱ ይረግጠዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ ቦታው ከመትመሙ በፊት ኮቴ የሚለይ አንድ ሰው አስቀድሞ ይግባ።

ሁለተኛ፣ መጠየቅ የሚገባውን ሰው እንወቅ። በገጠር እረኛውን፣ እንጨት ለቃሚዋን፣ ውሃ ቀጂዋን፣ ማር ቈራጩን፣ የገበያ መንገደኛውን መጠየቅ ይገባል። ይልቁንም ሕፃናትን ንቆ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው፤ በአንድ ቀበሌ ያለውን ጉድጓድና ዋሻ ሁሉ ከእረኛ ልጅ አብልጦ የሚያውቅ የለምና። በከተማም የራሱ ባላገር አለ። ከአንድ ጥግ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው ሊስትሮ፣ የሌሊት ዘበኛው፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው፣ የወንዝ ዳር አትክልተኛው የሰፈሩ ዐይን ናቸው። ወረቀት በምሰሶ ላይ ለጥፎ መሄድ ለማንበብ ለሚችልና ለሚቆም ብቻ መናገር ነው፤ ወርዶ በቃል መጠየቅ ግን ለሁሉ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ አጠያየቃችን በአክብሮት ይሁን። ባለሥልጣን መኪናውን አቁሞ በመስኮት «አንተ፣ ና እስቲ!» ብሎ ለጠራው ሽማግሌ የሚመለስለት ቃል «አላየሁም» ብቻ ነው። ወርዶ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ «እንደምን ዋሉ አባቴ፤ የቸገረን ነገር ቢኖር ነው የመጣነው» ቢል ግን ያ ሽማግሌ መንገር ብቻ ሳይሆን ዱላውን አንሥቶ ፊት ፊት ይመራል። ከሥራው የተፈታበት ቀን ይከፈለው፤ በሚጻፈውም መዝገብ ውስጥ ስሙ ከነሥራው ይግባ። ፍለጋው ሲሰምር ምስጋናው ለአለቆች ብቻ እየሆነ መሪው «የአካባቢው ነዋሪ» ተብሎ ስሙ ሳይጠራ መቅረቱ የተገባ አይደለም።

አራተኛ፣ የቦታ ስሞች ከነታሪካቸው ይጻፉ። በየወረዳው ያለ የትምህርት ቤት መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ የገደሉን፣ የመልካውን፣ የዋሻውንና የምንጩን ስም በደብተር ቢያጽፍ፣ ዋጋው የአንድ ደብተርና የጥቂት ቅዳሜዎች ድካም ነው፤ ጥቅሙ ግን አንድ ቀን የሰው ነፍስ ሊሆን ይችላል። ወጣቱ ወደ ከተማ እየፈለሰ፣ እረኝነትም እየቀረ በሄደ መጠን ይህ ዕውቀት ከሽማግሌዎቹ ጋራ ወደ መቃብር እየወረደ መሆኑን መዘንጋት አይገባንም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ154ኛው ቍጥር፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲነገር ዳኛ ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሕጉ ርስቱና ትዳሩ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ያሰበ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የዳኛው ፍርድ የእናትን ዐይን ከበር ላይ አያነሣውም። እርስዋን የሚያሳርፋት ልጅዋን ያገኘ ሰው ቃል ብቻ ነው።

ወሎ ሰፈር ላይ ከምሰሶው የተለጠፈው የሽማግሌው ወረቀት ከተገኙም በኋላ ብዙ ቀን ሳይነሣ ቆየ ይባላል። አንድ ቀን ልጃቸው በእጃቸው ይዟቸው በዚያ ሲያልፍ፣ አባትየው የራሳቸውን ፎቶግራፍ አይተው ምን ተብሎ እንደ ተጻፈ ጠየቁት። «አባቴ ጠፍተዋል፤ አፋልጉን የሚል ነው» ቢላቸው፣ «እኔ ከውሃው ዳር ነበርሁ፤ የጠፋችሁስ እናንተ ናችሁ» ብለው ሳቁ አሉ። ሳቃቸው ሳቅ ቢሆንም ነገራቸው ግን ፍሬ ነገር ነው። ወንዙ በየት እንደሚወርድ፣ ከዳሩም ማን እንደሚኖር ሳናውቅ በላዩ ላይ የምንመላለስ ሰዎች፣ ሰው ከመፈለጋችን በፊት የምንኖርበትን አገር ልንፈልገው ይገባናል። ስለዚህ ዛሬ ከቤት ስንወጣ ከጥጉ ላይ የተቀመጠችውን ቆሎ ሻጭ ሰላም ብለን እንለፍ፤ ነገ የኛን ሰው ወዴት እንደ ሄደ የምትነግረን እርስዋ ልትሆን ትችላለችና።